«ውሃው አልተስማማኝም» ለምትሉ ወገኖቼ

ፊታችሁ በተቆጣ ቁጥር የሰው አገር ውሃ አታማርሩ። መጀመሪያ የምትቀቡትን ቁጠሩ።

1. የሪፈራል ወረቀቱ። ብሪታንያ ያላችሁ ወደ ቆዳ ሐኪም የሚልካችሁ ጂፒ፣ ማለትም የተመዘገባችሁበት ጠቅላላ ሐኪም ነው፤ አሜሪካ ያላችሁ ሪፈራል ያስፈልግ እንደሆነ ኢንሹራንሳችሁን ጠይቁ።

2. ቶሎ የሚቆጣ ቆዳ ሳሙና ወይም ሎሽን በነካው በደቂቃዎች ውስጥ ይለበልባል፣ ይወጥራል፤ ብዙ ጊዜ ለዓይን የሚታይ ነገር የለውም። አለርጂ ግን ከ1 እስከ 3 ቀን ቆይቶ ነው የሚመጣው፦ ያሳክካል፣ ያብጣል፣ ውሃ ይቋጥራል። ሐሙስ ለወጣ ሽፍታ የማክሰኞውን ቅባት ጠርጥሩ። ደግሞ ቆዳችሁ እስኪቀላ አትጠብቁ፤ በጠይም ቆዳ ላይ ቁጣው ወይን ጠጅ ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ ይመስላል። በጣት ዳብሱት፤ ይሞቃል፣ ይሻክራል።

3. የምትቀቡትን ሁሉ ለ2 ሳምንት አቁሙ፤ ለወራት የተቀባችሁት የሚያቀላ ክሬም ካለ ግን መጀመሪያ ቁጥር 4ን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ለብ ባለ ውሃ ታጠቡ፣ እርጥበቱ ሳይደርቅ ቫዝሊን ብቻ ተቀቡ። ከዚያ አንዱን ሎሽን ብቻ ክርናችሁ መታጠፊያ ላይ፣ የሳንቲም ስፋት ባላት ቦታ፣ በቀን 2 ጊዜ ለ7 ቀን ሞክሩ። ሁለት ባንድ ጊዜ ከሞከራችሁ ጥፋተኛው አይለይም። ሳሙናና የፀጉር ቀለም በዚህ መንገድ አይሞከርም። ሐኪም ጀርባችሁ ላይ የሚለጥፈው የአለርጂ ምርመራ 2 ቀን ውሃ ሳይነካው ይቆያል፤ ከተነሳ በኋላም እንደገና ይታያል። ያንን ሁለተኛ ቀጠሮ የሚቀር ሰው ዘግይቶ የሚወጣው አለርጂ ያመልጠዋል።

4. የሚያቀላ ክሬም። እዚህ ላይ ዝም ያልኩባቸው ዓመታት ይቆጩኛል! ከሱቅ ጓዳ እየወጣ የሚሸጥላችሁ ቱቦ ክሎቤታሶል ካለበት፣ ከቆዳ ስቴሮይዶች (የቆዳ ቁጣ ማብረጃ መድኃኒቶች) ሁሉ በጣም ጠንካራ ከሚባሉት ነው፤ ፊት ላይ በየቀኑ የሚቀባ አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት ማሳከኩ ይጠፋል፣ ፊት ይፈካል፤ ያ ነው የሚያታልላችሁ። ወራት ሲቆጠሩ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥር ይታያል፣ ብጉር ይወርሰዋል። ስታቆሙት እንደ እሳት ያቃጥላል። «ካልተቀባሁት ያቃጥለኛል፣ ቆዳዬ ስስ ነው» ትላላችሁ፤ ያሳሳው ክሬሙ ነው! ጭርት ላይ ከተቀባ ደግሞ ቀለበቱ ይደበዝዝና ፈንገሱ ውስጥ ውስጡን ይስፋፋል። ለማድያት ብላችሁ ሃይድሮኪኖን የሚባለውን ማንጫ ለዓመታት የተቀባችሁ፣ ጉንጫችሁ ላይ የሚወጣው ሰማያዊ ጥቁር ጠቃጠቆ በቀላሉ አይለቅም። ሜርኩሪ ያለበት ክሬም ኩላሊት ይጎዳል፤ በፎጣና በእጅ ወደ ልጆቻችሁም ይተላለፋል። ይህንኑ ነው ሻንጣ ውስጥ ጠቅልላችሁ ለእህቶቻችሁ ስጦታ የምትልኩት! ተዉ!

በቱቦው ላይ «ክሎቤታሶል»፣ «ቤታሜታሶን» ወይም «ሞሜታሶን» ካለ ስቴሮይድ ነው። ለወራት የተቀባችሁት ከሆነ ሐኪም ሳታማክሩ በድንገት አታቁሙት። ቱቦዎቹን ሳትጥሉ ይዛችሁ ሂዱና ጠረጴዛው ላይ ደርድሩለት። አፍራችሁ ከደበቃችሁት ችፌ ነው ብሎ ሌላ ስቴሮይድ ይጽፍላችኋል።