ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ዋይፋዩ ሲጠፋ፦ ጥርጣሬዬ አዳፕተሩ ላይ ነው

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ራውተሩ ያለው ቴሌቪዥኑ ጀርባ ሲሆን ስልኬ ላይ ሲግናሉ ሁሌም ሙሉ ነው። ማታ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ግን፣ በተለይ የእንጀራ ምጣድ ሲሰካ፣ የዋይፋዩ ስም ራሱ ከስልኬ ላይ ይጠፋና ከሁለት ደቂቃ በኋላ ይመለሳል። ባለሙያ መጥቶ ቻናል ቀየረ፣ የዋይፋይ ማራዘሚያም አስገዛኝ። ለውጥ የለም።»

መልስ፦ ስሙ መጥፋቱና ለመመለስ ሁለት ደቂቃ መፍጀቱ ብዙ ይናገራል። የተቆረጠው መስመሩ ቢሆን ስሙ ባለበት ይቆይ ነበር። የጎረቤት ዋይፋይ ቢረብሽም ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል እንጂ ስሙ እንዲህ አይጠፋም። የእርስዎ ራውተር ጠፍቶ እንደገና እየተነሳ ነው፤ እኔ የምጠረጥረውም አዳፕተሩን፣ ማለትም ራውተሩን ከሶኬት የሚያገናኘውን ቻርጀር ነው። ሲግናል ሞልቶ ሳለ ማራዘሚያ ማስገዛት ያበሳጫል፤ ገንዘብዎን ያለ ሥራ አስወጥተውዎታል።

ለማረጋገጥ በብራውዘር 192.168.1.1 ይግቡ (ካልሠራ ከራውተሩ ሥር የተለጠፈውን አድራሻ ይጠቀሙ)። ስታተስ ገጽ ላይ «ሲስተም አፕታይም» የሚለውን ይፈልጉ፤ ራውተሩ ከተነሳ ስንት ጊዜ እንደሆነው የሚቆጥር ነው። ዋይፋዩ ጠፍቶ እንደተመለሰ ወዲያው ይዩት፤ ከዜሮ ጀምሮ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ከቆጠረ ራውተሩ ተነሥቷል ማለት ነው። ቀናት ከቆጠረ ግን ራውተሩ አልጠፋም፤ አዳፕተሩን ይተዉትና ችግሩን ሌላ ቦታ ይፈልጉ።

ምጣዱ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ሮቶ የሚሠራውን ያስቡ። ውሃው ሲመጣ ይሞላል፣ ሲቋረጥ ቤቱን ያጠጣል። አዳፕተር ውስጥም ይህን ሥራ የሚሠራው ካፓሲተር ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ኃይሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ከፍ ይላል፣ 100 ጊዜም ወደ ዜሮ ይወርዳል። ካፓሲተሩ ጫፉ ላይ ይሞላና እስከሚቀጥለው ጫፍ፣ 10 ሚሊሰከንድ ለማይሞላ ጊዜ፣ ራውተሩን ይመግባል። በውስጡ ያለው ፈሳሽ በሙቀት ሲደርቅ ሮቶው ጀሪካን አከለ ማለት ነው። ቀን፣ ጥቂት ሰው ሲጠቀም፣ ጀሪካኑ ይበቃል። ማታ አምስት ስልክና ቴሌቪዥን አንድ ላይ ኢንተርኔት ሲጎትቱ ራውተሩ የሚፈልገው አምፔር ይጨምራል፤ ምጣዱ ደግሞ ሲሰካ የቤቱን ቮልቴጅ ወደ ታች ይስበዋል። ያኔ ጀሪካኑ ባዶ ይሆናል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የካፓሲተር ዕድሜ በግማሽ ገደማ ስለሚያጥር ቴሌቪዥን ጀርባ መታፈኑም ጎድቶታል።

አዳፕተሩን ግን እንዳይከፍቱት። ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ 300 ቮልት ያህል ይዞ ሊቆይ ይችላል።

12 ቮልት የተጻፈበትን አዳፕተር ብቻውን በቴስተር ቢለኩት 12 ቮልት ያሳይዎትና ያታልልዎታል። ጭነት ይስጡት፦ 12 ቮልት 5 ዋት የመኪና አምፖል ከጃኩ (ራውተሩ ላይ ከሚሰካው ጫፍ) ጋር አገናኝተው፣ አምፖሉ እየበራ ይለኩ። ከ11.4 በታች ከወረደ ወይም አምፖሉ ከተርገበገበ ይጣሉት። ሲያገናኙ የጃኩን ውስጥና ውጭ እንዳያነካኩ። ከሁሉ የሚቀለው ግን ተመሳሳይ ራውተር ካለው ጎረቤት ለአንድ ማታ አዳፕተር መዋስ ነው።

አዲስ ሲገዙ ቮልቱ ከአሮጌው ጋር እኩል ይሁን፤ 9 ቮልት ለሚፈልግ ራውተር 12 አይሰኩም። አምፔሩ እኩል ወይም በላይ ይሁን፤ 1 አምፔር ለሚል 1.5 ወይም 2 ቢሆን ጉዳት የለውም። ጃኩም ልክ መግጠም አለበት፤ የፕላስና የማይነሱ ምልክት ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን። ገበያው ላይ «2 አምፔር» ተጽፎባቸው ባዶ ሣጥን የሚያክሉ ቀላል አዳፕተሮች ሞልተዋል፤ ጽሑፉን ብቻ አይመኑት። የሌላ አዳፕተር ጃክ ቆርጦ በናስትሮ ጠምጥሞ የሚቀጥል ካጋጠመዎትም አይቀበሉት። ያ መጋጠሚያ ይላላል፣ ይሞቃል፣ ቮልቱንም ይበላል።

አዲሱን ምጣዱ ከሚሰካበት ማከፋፈያ ለይተው፣ ግድግዳው ላይ ባለ ሶኬት ይሰኩት። ራውተሩንም ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያውጡት።  ይህ ሁሉ ተደርጎ አፕታይሙ አሁንም ከዜሮ የሚጀምር ከሆነ ራውተሩ ውስጥ ያለው ካፓሲተር አብጦ ይሆናል፤ ያንን ሶልደር የሚያውቅ ሰው ይቀይረዋል። አሮጌውን አዳፕተር ግን «ይጠገናል» ብሎ ማንም ቤትዎ ውስጥ እንዳይከፍተው፤ ልጆች ከሚደርሱበትም ያርቁት።