300 ሰው ያለበት የፈረንሳይ ገጠር ኮሚዩን (ትንሹ የአስተዳደር ክፍል) ውስጥ ቤት ተገኘልኝ፤ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ? ላልሽው

ሰላም እህቴ። ወረቀትሽ እንደተሰጠሽ፣ ሁለት ልጆች ይዘሽ ክሩዝ (መሃል ፈረንሳይ ያለ የገጠር አውራጃ) ውስጥ ቤት እንደቀረበልሽ ጽፈሻል። መኪና ካለሽ ወይም መንጃ ፈቃድ ልታወጪ ከተቃረብሽ ግቢ። ከሌለሽ ግን ሳትፈርሚ የአውቶቡሱን ሰዓት ጠይቂ። የገጠሩ መስመር በአብዛኛው የተማሪ ነው፤ ትምህርት ሲዘጋ ይሳሳል ወይም ይቆማል።

ፈረንሳይ ወደ 35,000 የሚጠጉ ኮሚዩኖች አሏት፤ ከግማሽ የሚበልጡት 500 ሰው አይሞላቸውም። ቢያንሱም እያንዳንዳቸው የራሳቸው ምክር ቤትና ከንቲባ አላቸው። ከንቲባው ብዙ ጊዜ ገበሬ ወይም ጡረተኛ ስለሆነ በቀላሉ ታገኚዋለሽ። ሜሪው (ማዘጋጃ ቤቱ) ግን በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ ሊከፈት ይችላል፤ ጸሐፊዋ ሁለትና ሦስት ኮሚዩን ታገለግል ይሆናል። በሩ ላይ የተለጠፈውን ሰዓት ፎቶ አንሺው።

ልጆቹን ትምህርት ቤት የምታስመዘግቢው ሜሪው ዘንድ ነው፤ ትምህርት ከ3 ዓመት ጀምሮ ግዴታ ነው። የክትባት ካርድና የአድራሻ ማስረጃ ያዢ። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ግን የጌሬ (የክሩዝ ዋና ከተማ) ፕሬፌክቸር፣ ማለትም የመንግሥት አስተዳደር ቢሮ፣ ነው፤ የስደተኛ የልደት ወረቀት ደግሞ የኦፍፕራ (የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት)። ጸሐፊዋን በዚህ አታስጨንቂያት፣ ሥልጣኑ የላትም። ለካፍ (የቤተሰብ ድጎማ ቢሮ)፣ ለጤና መድንና ለግብር ቅርብ ያለውን ፍራንስ ሰርቪስ (የመንግሥት አገልግሎቶችን በአንድ ቦታ የሚያግዝ ቢሮ) ፈልጊ።

አንድ ነገር አጥብቀሽ ጠይቂ፦ ትንንሽ ኮሚዩኖች የትምህርት ቤት ክፍሎችን ስለሚከፋፈሉ ታናሽየው እዚህ፣ ታላቅየው ጎረቤት መንደር ሊማሩ ይችላሉ።

ከሁሉ በላይ ማሞቂያውን እዪ። የእንጨት ምድጃ ከሆነ፣ እንጨት የሚሸጠው በስቴር ነው፦ የ1 ሜትር ፍልጥ፣ 1 ሜትር ወርድና 1 ሜትር ከፍታ ተደርድሮ። ያው እንጨት በ33 ሳንቲ ሜትር ሲቆራረጥ ክፍተቱ ስለሚጠብ 0.7 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል፤ አጭበረበሩኝ ብለሽ ከሻጩ ጋር እንዳትጣዪ። ይልቅ ድርቀቱን መርምሪ። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች መሆን አለበት፤ ኦክ ከሆነ ተፈልጦ ሁለት ዓመት ያህል መቆየት አለበት። ሁለት ፍልጥ አጋጪ፦ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደርቋል፣ ድፍን ካለ ገና ነው። እርጥብ እንጨት ሙቀቱን ውሃ በማትነን ይጨርሰዋል፤ ጭሱም ቀዝቅዞ የጭስ መውጫው ውስጥ ቅጥራን ይጋግራል፤ ያ ቅጥራን ነው በኋላ እሳት የሚይዘው። በዓመት ቢያንስ አንዴ በባለሙያ አስጠርጊ፣ ወረቀቱንም አስቀምጪ፤ ቃጠሎ ቢነሳ ኢንሹራንሱ ይጠይቅሻል።

ቤቱ የራሱ ሴፕቲክ ታንክ ካለው እርጥብ መጥረጊያ ጨርቅ፣ ዘይትና ብዙ በረኪና አትድፊበት። በረኪናው ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል።

ስለ ሰዉ ደግሞ፦ መንገድ ላይም ሱቅም ስትገቢ አስቀድመሽ "ቦንዡር" በይ። ሳይሉ ጥያቄ መጀመር እንደ ንቀት ይቆጠራል። በኖቬምበር 11 የጦርነት ሟቾች ሐውልት ዘንድ ልጆችሽን ይዘሽ ቁሚ። ሥነ ሥርዓቱ አጭር ነው፤ ከዚያ በብዙ ቦታ ሜሪው ሁሉንም ለመጠጥ ይጋብዛል፤ ከጎረቤቶችሽ ጋር ያለ ቀጠሮ የምትተዋወቂው እዚያ ነው።