ሕመሙ ሲሄድ ምን ይዞ ይሄዳል?

እህቴ፣ «የእጅ አንጓዬ በአርትራይተስ ተበልቷል፤ መርፌ ልወጋ፣ ቀዶ ሕክምና ላድርግ ወይስ እንዲሁ ልቻለው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሐኪም አይደለሁም፤ በዚህ መንገድ ግን 12 ዓመት ተመላልሼበታለሁ።

የእኔ የጀመረው በወጣትነቴ በመዳፌ ስወድቅ ነው። «ወለምታ ነው» ተብዬ ተመለስኩ። ከዓመታት በኋላ የተነሣሁት ራጅ፣ በአውራ ጣት በኩል ያለችው ስካፎይድ የምትባል ትንሽ አጥንት ያኔ ተሰብራ ሳትገጥም መቅረቷን አሳየ። የሚደርሳት ደም አነስተኛ ስለሆነ አንዳንዴ እንዲህ ትቀራለች፤ ሳትገጥም ስትቀር ደግሞ አንጓው ከዓመት ዓመት ይፋቃል። ስለዚህ አንቺም በመጀመሪያ መነሻውን እወቂ። ሩማቶይድ (የሰውነት መከላከያ ራሱ መገጣጠሚያን የሚያጠቃበት በሽታ) ከሆነ ስሌቱ ሌላ ነው፤ እንደ ሜቶትሬክሴት ያለ መድኃኒት በሽታውን ራሱን ስለሚገታ መዘግየት መገጣጠሚያ ያሳጣል። እንደ እኔ በጉዳት የመጣ ከሆነ ግን ያለቀውን ልም አጥንት፣ ማለትም የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነውን ለስላሳ ሽፋን፣ የሚመልስ ኪኒን የለም፤ ተረጋግተሽ መምረጥ ትችያለሽ።

መደገፊያ ከሁሉም የዋህ ነው፤ ሥራ ላይ አስረዋለሁ፣ ሳርፍ እፈታዋለሁ። ዳይክሎፌናክ ኪኒን እጄን አሳርፎ ጨጓራዬን አስቆጣ፤ በቅባት መልክ ሲሆን ወደ ደም የሚገባው በጣም ትንሽ ነው። የስቴሮይድ መርፌ በመጀመሪያው ጊዜ 4 ወር ያህል ሰላም ሰጠኝ፣ በሁለተኛው 6 ሳምንት፣ በሦስተኛው ምንም። ከእርሱ የቀረኝ በአንጓዬ ጀርባ ላይ የነጣች ቆዳ ናት። የስኳር ሕመም ካለብሽ ከመርፌው በኋላ ስኳርሽ ለጥቂት ቀናት ሊጨምር ስለሚችል አስቀድመሽ ተናገሪ።

ቀዶ ሕክምናው ላይ ነው ልብ ማለት የሚያስፈልገው። አንጓውን ሙሉ በሙሉ በብረት ማጣበቅ ለሕመሙ አስተማማኙ መፍትሔ ነው፤ መታጠፉን ግን ለዘለዓለም ትሰናበቺዋለሽ። መዳፍን ወደ ላይና ወደ ታች መገልበጥ ግን አይጠፋም፣ እርሱ የክንድ ሥራ ነውና። ሰው ሠራሽ አንጓ ይታጠፋል፤ ነገር ግን ከባድ ዕቃ ማንሣት ይከለከላል፣ ከጊዜ በኋላም ሊላላ ይችላል። የሕመሙን ስሜት ወደ አንጎል የሚያደርሱትን ነርቮች መቁረጥ እንቅስቃሴውን አይነካም፤ ሕመሙ ግን ሊመለስ ይችላል።

እኔ ለማጣበቁ ልስማማ ስል ቀዶ ሐኪሙ «መጀመሪያ ኑርበት» ብሎ አንጓዬን በጀሶ 2 ሳምንት አሰረው። ቁልፍ ማዞር አልከበደኝም፤ መጻፍም እንዲሁ። መዳፌን ዘርግቼ ከወንበር መነሣት ግን አቃተኝ። በጠባብ አፍ ዕቃ ውስጥ እጄን አስገብቼ ማጠብም አልሆነም። መጸዳጃ ቤት ውስጥ የገጠመኝን ደግሞ ማንም ቀድሞ አልነገረኝም፤ ብታፍሪም ጠይቂ።

ጀሶው በተፈታ ማግስት ሐሳቤን ቀየርኩ። ስካፎይድንና ሁለት ጎረቤቶቿን ማስወጣትን መረጥኩ። ከመታጠፉ ግማሽ ያህሉን አጣሁ፤ ጭብጤም እንደ ድሮው አይደለም፤ ጉልበቱ የተመለሰው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ዛሬ ሦስተኛ ዓመቴ ነው፤ አልፎ አልፎ ያመኛል፣ ሌሊት ግን አያስነሣኝም። ይህ ካልበጀ ወደ ማጣበቅ መሄድ ይቻላል፤ ከተጣበቀ በኋላ ግን መመለሻ የለውም ማለት ይቻላል። ሚዛኔን የደፋው ይህ ነው።

ይህ ምርጫ ላንቺ መኖሩ በመካከለኛዋ አጥንት፣ በካፒቴት፣ ጫፍ ላይ ያለው ልም አጥንት ደህና መሆኑ ላይ ይወሰናል። ራጅሽን ይዘሽ ስትሄጂ በመጀመሪያ ስለ እርሱ ጠይቂ።