መልስ፦ የታውል ቤተ ክርስቲያን ሥዕል የት ሄደ?

ታውል በስፔን ካታሎኒያ ያለ መንደር ነው። ሥዕሉ እዚያው ባለው የቅዱስ ክሌመንት ቤተ ክርስቲያን ስለሌለ ‘ቤተ ክርስቲያኑን ተሳስቼ ይሆን?’ ብለሃል፤ አልተሳሳትክም። ፎቶ ላይ ያየኸው በዙፋን የተቀመጠው ክርስቶስ ዋናው ባርሴሎና፣ የካታሎኒያ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ነው። በ1919 እና በ1923 እ.ኤ.አ. መካከል የአካባቢው ሥዕሎች ለውጭ ገዢ እንዳይሸጡ ተፈርቶ ተወሰዱ። አነሳሱ ይገርማል፦ ጨርቅ በሙጫ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ሲደርቅ ሲላጥ የቀለሙን ንጣፍ ይዞ ይመጣል። መንደሩ የቀረው ጥቂት ርዝራዥ ነው፤ ሙሉውን ሥዕል አሁን በብርሃን ግድግዳው ላይ ያሳዩታል።

ሕንፃው ግን ያው በ1123 እ.ኤ.አ. የተባረከው ነው። ክብ የድንጋይ ምሰሶዎች ውስጡን በሦስት ይከፍሉታል፤ ጣሪያው የድንጋይ ቅስት ሳይሆን እንጨት ነው፤ በምሥራቅ በኩል ሦስት ግማሽ ክብ ግድግዳዎች አሉት። ባለ ስድስት ፎቁን የደወል ግንብ ከውጭ ዞረህ እየው፤ ለእኔ ከሥዕሉ አያንስም።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ የብርሃኑ ትርዒት ሰዓት አለው። እኔ ሳልጠይቅ ሄጄ የመጨረሻው አምልጦኝ ባዶ ግድግዳ አይቼ ተመልሻለሁ። ደግሞ እዚያው መንደር ውስጥ ይኸኛው በተባረከ በማግስቱ የተባረከችው የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች፤ የእሷ ሥዕል እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ነው፤ እሱም ባርሴሎና ነው ያለው።