ካርዱን የጨረሰው ፍሪጁ ነው ከማለትዎ በፊት

ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት እንዲህ ብለው ጽፈውልኛል፦ «ባለ አንድ በር ፍሪጅ አለኝ። ለመብራት ካርድ የምሞላው ብር ድሮ ወሩን ያደርሰኝ ነበር። አሁን ወር ሳይሞላ ያልቃል። ጎረቤቶቼ ‹ፍሪጁ ነው የሚበላብሽ› ስላሉኝ ማታ ማታ እየነቀልኩ ጠዋት እሰካዋለሁ። ካርዱ ግን ያው ነው። ወተቱም እየተበላሸብኝ ነው። ሸጬው ልገላገል?»

እህቴ፣ አይሽጡት። ማታ መንቀሉንም ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት።

መጀመሪያ ነገሩን በብር መለካት እናቁም። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። በዚያ ላይ ክፍያው በእርከን ነው፤ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪው ፍጆታን የሚለካበት መለኪያ) ድረስ ርካሽ ነው፣ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር ዋጋውም ይወጣል። ስለዚህ ፍሪጁ ምንም ሳይለወጥ ያው ብር ቶሎ ሊያልቅ ይችላል። ፍሪጁ ጥፋተኛ መሆኑን የሚነግረን ብሩ ሳይሆን ኪሎዋት ሰዓቱ ነው።

እሱን ደግሞ ቤትዎ ሆነው መለካት ይችላሉ። ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ ቴሌቪዥኑን፣ ቻርጀሩን፣ ቦይለር ካለም ቦይለሩን ይንቀሉ። አምፖል ሁሉ ይጥፋ። ፍሪጁ ብቻ ይቅር። ቆጣሪው የቆጠረውን ጠቅላላ ኪሎዋት ሰዓት ከነነጥቡ ወረቀት ላይ ይጻፉ። 8 ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ እንደገና ያንብቡና ልዩነቱን በ3 ያባዙት። የቀን ፍጆታው በግምት ያ ነው። ቀን ቀን በሩ ስለሚከፈት ትንሽ ይጨምሩበት። አንድ ነገር ደግሞ አይርሱ፦ ፍሪጁንም ነቅለው የቆጣሪው መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን ካላቆመ፣ ሌላ ቦታ የሚበላ ነገር አለ። ያኔ የሚጠራው የፍሪጅ ሳይሆን የመስመር ባለሙያ ነው።

አሁን ቁጥሩን እንየው። ሞተሩ 120 ዋት ነው እንበል። ደህና ፍሪጅ ቀኑን ሙሉ አይሠራም፤ ያርፋል፣ ይነሳል። በድምሩ 8 ሰዓት ያህል ከሠራ በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፣ በወር 30 ይሆናል። ሳያርፍ 24 ሰዓት ከሠራ ግን በቀን ወደ 2.9፣ በወር ከ85 በላይ ይበላል። እርስዎ 1 አካባቢ ካገኙ ፍሪጁን ይተዉትና ምጣዱን ይመልከቱ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል። ሁለት ሰዓት ሲጋግሩ እስከ 7 ኪሎዋት ሰዓት ሊሄድ ይችላል፤ ይህ ማለት ደህና ፍሪጅ በሳምንት የሚበላውን ነው። በሳምንት ሁለት ቀን የሚጋግሩ ከሆነ በትንሽ በትንሹ ከመጋገር በአንድ ቀን አከታትሎ መጨረስ ይሻላል፤ ምጣዱን ከባዶ ማጋሉ ራሱ ይበላል።

ማታ መንቀሉ ለምን አይጠቅምም? ተነቅሎ ሲያድር ውስጡ ይሞቃል። ጠዋት ሲሰኩት ሞተሩ ያንን ሙቀት ለማውጣት ሳያርፍ ይሠራል። የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ የሚከስሩት ወተትና ሥጋ ግን ብዙ ነው። ምግብ ከ4 ዲግሪ ብዙ እንዲያልፍ አልመክርም፣ በተለይ ልጆች ባሉበት ቤት።

የቀን ፍጆታው 2 ኪሎዋት ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ችግር አለ። እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው ከበሩ ጎማ ነው። የብር ኖት በሩ ላይ ያድርጉና ይዝጉት፣ ከዚያ ይሳቡት። ያለ ምንም ትግል ከወጣ በዚያ በኩል አየር ይገባል። ዙሪያውን ሁሉ ይሞክሩ፣ በተለይ በማጠፊያው በኩል ያለውን የታች ጥግ። እዚያ ጎማው እጥፋት ውስጥ ጥቁር ሻጋታና የእንጀራ ፍርፋሪ ተጣብቆ በሩ እንዳይገጥም ሲያደርገው ብዙ ጊዜ አያለሁ። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይጠቡት። ጎማው ከተጣመመ በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ይያዙበት፣ ሲለሰልስ በእጅ ያቃኑት። ከተሰነጠቀ ግን መቀየር ነው። በጅማ ክረምት ይህ ጎማ የበለጠ ዋጋ አለው። አየራችን እርጥብ ነው፤ የሚገባው እርጥበት ሁሉ በረዶ ይሆናል። በረዶው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ከደረሰ ፍሪጁን ነቅለው ያቅልጡት። በቢላ ግን እንዳይፍቁት፣ አደራ! ከበረዶው ሥር ያለው ቱቦ ከተበሳ የሚያቀዘቅዘው ጋዝ ይወጣል።

ፍሪጁን ከሶኬት ነቅለው ከኋላ ያለውን ጥቁር ፍርግርግ በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉ፤ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያርቁት። ምድጃው አጠገብ ከሆነ ቦታ ይቀይሩለት። ውስጥ ያለው የማስተካከያ ቁጥር ዲግሪ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሲጨምር ቅዝቃዜው ይጨምራል፣ መሃል ላይ ይበቃል።

ማታ ማታ መብራቱ ሲደክም ሞተሩ እምም ብሎ ቀጭ እያለ የሚቆም ከሆነ ጉዳዩ የኃይል ማነስ ነው። ሊነሳ እየሞከረ ይግላል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። ኃይሉ ሲያንስ የሚያጠፋ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣም 5 ደቂቃ ቆይቶ የሚያስነሳ መከላከያ ይግዙለት። ውስጡ ያለው የጋዝ ግፊት እስኪመጣጠን ጊዜ ይፈልጋል።

ይህን ሁሉ አድርገው ሞተሩ አሁንም የማያርፍ ከሆነ፣ በረዶውም አንድ ጥግ ላይ ብቻ የሚይዝ ከሆነ፣ ጋዝ ሳይቀንስ አይቀርም። የሚመጣውን ባለሙያ «መጀመሪያ ያፈሰሰበትን ቦታ አሳየኝ» ይበሉት። ቀዳዳው ሳይደፈን የተሞላ ጋዝ ተመልሶ ይወጣል፤ ገንዘብዎም አብሮት። ከኋላ ባለው ጽሑፍ ላይ «R600a» (አር 600ኤ) የሚል ካለ ደግሞ ጋዙ ተቀጣጣይ ነው፤ ጋዙ ወጥቶ ቤቱ ሳይናፈስ እሳት እንዳያስነሳበት። ለማንኛውም የዛሬ ማታውን ንባብ ከሞተሩ ዋት ጋር ይላኩልኝ፣ አብረን እናሰላዋለን።