በበልግ ለሚጀመር የጅማ ጓሮ አትክልት
በጅማ ከቤትዎ ጀርባ ባለው ቀይ አፈር ላይ በዚህ በልግ ጎመንና ቲማቲም ሊያለሙ አስበው መሬቱ እንዴት እንደሚዘጋጅ ለጠየቁት፣ ከሁሉ በፊት አፈሩን እንዲያክሙ እመክርዎታለሁ። የአካባቢያችን ብዙ ዝናብ የአፈሩን ንጥረ ነገር አጥቦ ስለሚወስደው ቀዩ አፈር በአብዛኛው አሲዳማ ነው፤ ስለዚህ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ቆፍረው ጓሉን ካደቀቁ በኋላ፣ በደንብ የተብላላ ፍግ ከጥቂት የእንጨት አመድ ጋር ያዋህዱበት።

እዚህ የቡና ገለፈት እንደ ልብ ስለሚገኝ ብዙዎች ጥሬውን በቀጥታ መደብ ላይ ይበትኑታል። እኔ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ያልተብላላ ገለፈት ሲበሰብስ ተክሉ የሚፈልገውን ናይትሮጅን ይሻማልና። ከከብት እበትና ከለምለም ቅጠል ጋር ከምረው፣ እርጥበቱን እየጠበቁና እየገላበጡ ለወራት ያብላሉት፤ ጠቁሮ በእጅ ሲታሽ የሚፈረፈርና የጫካ አፈር ሽታ ያለው ሲሆን ደርሷል ማለት ነው። ለዘንድሮ ካልደረሰልዎ ለሚቀጥለው ወቅት ያቆዩት።

መደቡን አንድ ሜትር ያህል ስፋት ሰጥተው ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት፤ የክረምት ውኃ ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል። ካሮትና ቀይ ሥር በቀጥታ ይዘራሉ። ጎመንና ቲማቲም ግን በችግኝ መደብ ከ4 እስከ 6 ሳምንት አድገው፣ ዝናቡ ሲያዘወትር፣ አመሻሽ ላይ ቢዛወሩ ይሻላል። ቲማቲም እርጥበት ሲበዛ ቅጠሉን በሚያጠቁሩ በሽታዎች ቶሎ ስለሚጠቃ፣ በእንጨት ደግፈው አየር እንዲያገኝ አራርቀው ይትከሉት፤ ቦታዎ ጠባብ ከሆነ ግን ቲማቲሙን ውኃ እያጠጡ በበጋ ቢያለሙትና አሁን በጎመን ብቻ ቢጀምሩ እመርጣለሁ።