የቴክኒክ ጥያቄዎቻችሁ፦ 28 ዲግሪ ላይ አልረጋ ያለው ውሃ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን። የምሠራው ቃሊቲ በሚገኝ የፕላስቲክ ፋብሪካ ነው። የኩሊንግ ታወራችን (የውሃ ማቀዝቀዣ ማማችን) ፋን 7.5 ኪሎዋት ሲሆን በቀበቶ ይዞራል። ኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ገጠምንለትና ውሃውን 28 ዲግሪ ላይ እንዲይዝ ፒአይዲውን፣ ማለትም ሙቀቱ ከኢላማው ምን ያህል እንደራቀ እያየ ፍጥነቱን በፒ፣ በአይ እና በዲ ቁጥሮች የሚያስተካክለውን ክፍል፣ አስጀመርነው። ፋኑ ግን አንዴ 50 ሄርዝ ይደርሳል፣ አንዴ ወደ 10 ይወርዳል፤ ውሃውም በ25 እና በ31 መካከል ይዋልላል። ፍጥነቱ ሲቀንስ አልፎ አልፎ በኦቨርቮልቴጅ (ከልክ ባለፈ ቮልቴጅ) ይቆማል። ቁጥሮቹን ደጋግመን ብንቀያይርም ለውጥ የለም። ሴንሰሩ ፒቲ 100 (ሬዚስታንሱ ከሙቀት ጋር የሚለወጥ የሙቀት መለኪያ) ነው፤ ከታወሩ ገንዳ ጥግ ተንጠልጥሏል።

መልስ፦ ቁጥሮቹን ለጊዜው ይተዉዋቸውና ከሴንሰሩ ይጀምሩ። ጥግ ላይ ያለ ውሃ እምብዛም አይንቀሳቀስም፤ ፋኑ ከፈጠነ በኋላ ቅዝቃዜው እዚያ እስኪደርስ ደቂቃዎች ያልፋሉ። ኢንቨርተሩ እስከዚያው ውሃው ያልበረደ ስለሚመስለው ማፍጠኑን ይቀጥላል፤ ለውጡ ሴንሰሩ ጋ ሲደርስ ውሃው ከሚገባው በላይ በርዷል። ይህን መዘግየት የትኛውም የፒአይዲ ቁጥር አያጠፋውም። ፒቲ 100ውን ከፓምፑ መውጫ በኋላ፣ ወደ ማሽኖቹ በሚሄደው ቱቦ ላይ፣ በብረት ኪስ ውስጥ ይግጠሙት። ጫፉ እስከ ቱቦው መሃል ይግባ፤ በኪሱና በሴንሰሩ መካከል ያለውን ክፍተት ሙቀት በሚያስተላልፍ ቅባት ይሙሉት። አየር ከቀረበት ንባቡ ይዘገያል።

ሽቦውንም ይመልከቱ። ፒቲ 100 በአንድ ዲግሪ የሚለወጠው 0.385 ኦም ያህል ብቻ ነው። በሁለት ሽቦ ከተገናኘ፣ 1 ኦም የሽቦ ሬዚስታንስ ንባቡን 2.6 ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል። ባለ ሦስት ሽቦ ይጠቀሙ፤ ወደ 4–20 ሚሊአምፔር የሚቀይረው ትራንስሚተርም እዚያው ሴንሰሩ ጋ ይሁን። የሲግናል ኬብሉ ሺልድ (የብረት መከላከያ ሽፋን) ያለው ሆኖ ከሞተሩ ኬብል 30 ሳንቲሜትር ያህል ይራቅ።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። ፒ ለአሁኑ ልዩነት፣ አይ ለተጠራቀመው ልዩነት፣ ዲ ለለውጡ ፍጥነት የሚሰጡት ምላሽ ነው። ዲ ዜሮ ይሁን፤ ውሃ ቀስ ብሎ ስለሚለዋወጥ ዲ የሚያጎላው የሲግናሉን መንቀጥቀጥ ነው። የ«አይ»ን ቁጥር ለጊዜው ያጥፉት (ማጥፊያው በአንዳንዱ ኢንቨርተር ዜሮ፣ በሌላው ትልቁ ቁጥር ስለሆነ ማኑዋሉን ይዩ)። የትራንስሚተሩ ክልል 0–100 ዲግሪ ሆኖ (4 ሚሊአምፔር 0 ዲግሪን፣ 20 ሚሊአምፔር 100 ዲግሪን ሲወክል) ፒ 5 ከሆነ፣ የ1 ዲግሪ ልዩነት ፍጥነቱን በ5 በመቶ፣ ማለትም በ2.5 ሄርዝ ይቀይረዋል። ክልሉ 0–50 ከሆነ የዚሁ ቁጥር ውጤት በእጥፍ ይጨምራል፤ ስለዚህ የሌላ ፋብሪካ ቁጥር መቅዳት ዋጋ የለውም። ማሽኖቹ ሥራ ላይ እያሉ፣ ሙቀቱ ሳይሰፋ ሳይጠብ እኩል መዋለል እስኪጀምር የ«ፒ»ን ቁጥር ቀስ እያሉ ይጨምሩ፤ ከዚያ በግማሽ ይቀንሱት። ሙቀቱ ከአንዱ ከፍታ እስከ ቀጣዩ ከፍታ 4 ደቂቃ ከፈጀ፣ የአይ ጊዜ ከ200 እስከ 240 ሰከንድ ይሁን።

ኦቨርቮልቴጁ የሚመጣው ከፋኑ ክብደት ነው። ኢንቨርተሩ ፍጥነቱን ቶሎ ሊቀንስ ሲል ፋኑ በራሱ ግፊት ስለሚዞር ሞተሩ ጄኔሬተር ይሆንና ኃይሉን ወደ ኢንቨርተሩ ይመልሳል። የመቀነሻውን ጊዜ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ያድርጉት፤ ለውሃው ሙቀት ይህ ፍጥነት በቂ ነው።

ዝቅተኛውን ፍጥነት 20 ሄርዝ ላይ ይገድቡ፤ ከዚያ በታች በሞተሩ ጀርባ ያለው የራሱ ማቀዝቀዣ ይዳከማል። ኃይል የሚቆጥቡት ከዚያ በላይም ቢሆን ነው፤ የፋን ኃይል በፍጥነቱ ኪዩብ ስለሚለወጥ በ40 ሄርዝ የሚፈልገው በ50 ሄርዝ ከሚፈልገው ግማሽ ያህሉን ነው። በአንድ የተወሰነ ፍጥነት ላይ ታወሩ ከተንቀጠቀጠ፣ ኢንቨርተሩ ያንን ሄርዝ እንዲዘለው ያድርጉ።

ብዙዎች የሚረሱት ሲግናሉ ሲቋረጥ የሚሆነውን ነው። በ0–100 ክልል 0 ሚሊአምፔር ማለት ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ማለት ስለሆነ፣ ሽቦው ሲበጠስ ኢንቨርተሩ ውሃው የቀዘቀዘ መስሎት ፋኑን ዝቅተኛው ላይ ያስቀምጠዋል፤ ማሽኖቹ ይግላሉ። ከ3 ሚሊአምፔር በታች ሲሆን 50 ሄርዝ ላይ ሄዶ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ፓራሜትሩን ያስተካክሉ። ከዚያ ሽቦውን ነቅለው ይሞክሩት፤ ሳይሞከር አይታመንም።

ከፍታውንም ያስቡበት። አብዛኛው ኢንቨርተር ሙሉ አቅሙ የተሰላለት እስከ 1,000 ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ይቀነስለታል። ቃሊቲ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ቢያንስ 10 በመቶ ያጣሉ። ሞተሩ ሙሉ አምፔሩን የሚስብ ከሆነ የ11 ኪሎዋት ኢንቨርተር ተገቢ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ዱባይ ነው የምሠራው። እኛም ኢላማው 28 ነው፤ በበጋ ግን ፋኑ ቀንና ሌሊት 50 ሄርዝ ላይ ነው፣ ውሃውም 33 ነው። ኢንቨርተሩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ኢንቨርተሩ ደህና ነው፤ የተሳሳተው ኢላማው ነው። ኩሊንግ ታወር ውሃን ሊያቀዘቅዝ የሚችለው ጫፉ በእርጥብ ጨርቅ በተሸፈነ ቴርሞሜትር እስከሚነበበው የአየር ሙቀት ድረስ ነው፤ በተግባርም ከዚያ 3 ወይም 4 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይቆማል። በባሕረ ሰላጤው የበጋ እርጥበት ይህ ንባብ 28ን የሚያልፍባቸው ጊዜያት አሉ፤ ያኔ ፋኑ ኃይል ያባክናል እንጂ ውሃውን 28 ሊያደርሰው አይችልም። ማሽኖቹ የሚችሉት ከሆነ በበጋ ኢላማውን ወደ 34 ከፍ ያድርጉ፣ በክረምት ይመልሱት። ካልቻሉ መፍትሔው ቺለር (እንደ ፍሪጅ በማቀዝቀዣ ጋዝ ውሃን የሚያበርድ ማሽን) ነው።